ወንዙን ማን አደፈረሰው? የፋብሪካው ተጠያቂነትና የምእመኑ ድርሻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከእንጦጦና በዙሪያው ካሉ ከፍታዎች የሚነሡ ውኆች ከምንጫቸው ሲወጡ ንጹሓን ናቸው። በዚያው ተራራ በእመቤታችንና በቅዱሳን መላእክት ስም በተሰየሙ ጠበሎች ሕሙማን ይጠመቃሉ፤ ምእመናን በእምነት ይጠጣሉ፤ ብዙዎችም እግዚአብሔርን እያመሰገኑ ይመለሳሉ። ከእነዚሁ ከፍታዎች የሚወርዱ ጅረቶች ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የተባሉትን ወንዞች ሠርተው አዲስ አበባን ያቋርጣሉ፤ በአባ ሳሙኤል ግድብ ተገናኝተውም ወደ አዋሽ ወንዝ ይፈስሳሉ።

ይሁን እንጂ ከከተማው ሲወጡ የገቡትን አይመስሉም። ከቆዳና ከሌሎች ፋብሪካዎች የሚለቀቅ ፍሳሽ፣ ከመኖሪያ ቤቶች የሚወርድ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ ከጋራዦች የሚደፋ የተቃጠለ ዘይት፣ በየድልድዩ ሥር የሚጣል ቆሻሻ በአንድነት ይቀላቀሉባቸዋል። በወንዞቹ ዳርና ዳር ደግሞ ሌላ አማራጭ ያጡ ገበሬዎች በዚሁ ውኃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያለማሉ። በጾም ወራት ከገበያ ገዝተን ወደ ማዕዳችን ከምናቀርበው አትክልት ከፊሉ ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ የወንዙ ነገር ለከተማው ጽዳት ሠራተኞች ወይም ለሳይንስ ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም፤ በየቀኑ አማትበን የምንቈርሰውን እንጀራ ይመለከታል።

ወንዙን ማን አደፈረሰው? ይህ ጥያቄ ዛሬ በመላው ዓለም ስለ አየር ንብረት ለውጥ ከሚነሣው ክርክር ጋር አንድ ነው። ከባቢ አየርም እንደ ወንዝ የጋራ ነውና፤ ጥቂቶች ብዙውን ያፈስሱበታል፤ ብዙዎችም ጥቂት ጥቂት ይጨምሩበታል፤ ሁሉም ግን ከእርሱ ይተነፍሳል። በዚህ ጽሑፍ የፋብሪካዎችና የኩባንያዎች ተጠያቂነት የት ላይ እንደሚጀምር፣ የእያንዳንዱ ምእመን ድርሻ ምን እንደ ሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሁለቱ ግንኙነት ምን እንደምታስተምር በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ሁለቱ ድምፆች

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ድምፆች ይሰማሉ። የመጀመሪያው “ጥፋቱ የትልልቅ ፋብሪካዎችና የበለጸጉ ሀገሮች ነው፤ እኔ አንድ ፌስታል ብጥል ባልጥል ምን ይለወጣል?” የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ “እያንዳንዱ ሰው ራሱን ቢያስተካክል ዓለም ይስተካከላል፤ ሕግና ቁጥጥር የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ ክርስቲያን በጾምና በጸሎት ቢወሰን ይበቃዋል” ይላል።

ሁለቱም ድምፆች ከፊል እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን ለኅሊና መሸሸጊያ ሊሆኑ ይችላሉ። የመጀመሪያው ሰው የሌላውን ግንድ እያሳየ የራሱን ጉድፍ ይረሳል። ሁለተኛው በትሕትና መስሎ ድሀው ሲበደል ዝም ይላል። ጌታችን ጻፎችንና ፈሪሳውያንን ሲወቅሳቸው ከአዝሙድና ከእንስላል ዐሥራት እያወጡ በሕግ ውስጥ ዋና የሆኑትን ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን እንደ ተዉ ነግሯቸዋል። መፍትሔውም ትንሹን ትቶ ትልቁን መያዝ እንዳልሆነ፣ ሁለቱንም መፈጸም እንደሚገባ አስተምሯቸዋል (ማቴ. ፳፫፥፳፫)። ይህ ትምህርት ለያዝነው ጉዳይ መሠረት ነው።

ጕድጓዱን የቆፈረው ማን ነው?

ምድርና ሞላዋ የእግዚአብሔር ናት (መዝ. ፳፫፥፩)። አዳምም በኤደን ገነት የተቀመጠው ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ ነው (ዘፍ. ፪፥፲፭)። ከዚህ የምንረዳው ሰው በምድር ላይ ባለአደራ እንጂ ባለቤት አለመሆኑን ነው። ባለአደራ ደግሞ ስለ ተቀበለው ነገር ይጠየቃል። የሚጠየቀውም ባሰበው ክፉ ነገር ብቻ ሳይሆን በቸልተኝነቱ ባደረሰው ጉዳት ጭምር ነው።

የኦሪት ሕግ ይህን በግልጽ ምሳሌዎች ያስረዳናል። ጕድጓድ ቆፍሮ ሳይከድነው የተወ ሰው የባልንጀራው በሬ ቢገባበት ዋጋውን እንዲከፍል ታዝዟል (ዘጸ. ፳፩፥፴፫-፴፬)። እሳት አንድዶ ወደ ሰው አዝመራ ያሻገረም የተቃጠለውን እንዲተካ ተደንግጓል (ዘጸ. ፳፪፥፮)። በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳያስረው የቀረ ባለቤት፣ በሬው ሰው ቢገድል በደሉ በራሱ ላይ ይሆናል (ዘጸ. ፳፩፥፳፱)። አዲስ ቤት የሚሠራም ሰው እንዳይወድቅበት በጣራው ዙሪያ መከታ ማበጀት ይገባዋል (ዘዳ. ፳፪፥፰)።

እነዚህ አራት ትእዛዛት አንድ የጋራ ሐሳብ አላቸው። ከሥራው ጥቅም የሚያገኘው ሰው የሥራውን አደጋም መሸከም አለበት፤ ወጪውን በጎረቤቱ ላይ መጣል አይችልም። በተለይም የበሬው ሕግ “ዐውቆ” እና “ሳያውቅ” በሚለው ልዩነት ላይ የቆመ ነው። የፋብሪካው ፍሳሽ እንደሚመርዝ የተነገረው ባለ ፋብሪካ፣ በዚያው ሥራው ከቀጠለ ተዋጊነቱን እያወቀ በሬውን እንደ ለቀቀው ሰው ነው።

ነቢዩ ሕዝቅኤል ደግሞ ስለ ውኃው በቀጥታ ይናገራል። የሰቡት በጎች ከጠራው ውኃ ጠጥተው የቀረውን በእግራቸው ሲያደፈርሱት፣ ደካሞቹም በጎች ያን የደፈረሰ ውኃ ለመጠጣት ሲገደዱ እግዚአብሔር እንደሚፈርድባቸው ነግሮናል (ሕዝ. ፴፬፥፲፯-፳፪)። በዚህ ቃል ውስጥ የተወቀሰው መጠጣቱ አይደለም፤ ከጠጡ በኋላ ለሌላው አለማሰባቸው ነው። ቤተ ክርስቲያንም ሥራንና ሀብትን አትነቅፍም፤ በድሀው ውኃ ላይ የሚቆም ብልጽግናን ግን ትነቅፋለች።

ቁጥሩ የሚነግረን

ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት በከባቢ አየር ከሚገኙ አንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣቶች መካከል 280 ገደማ የሚሆኑት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ፤ ዛሬ ከ420 በላይ ደርሰዋል። የድንጋይ ከሰል፣ የነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ሲቃጠሉ የሚወጣው ይህ ጋዝ ምድር ወደ ሰማይ የምትመልሰውን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ ስለሚይዘው የዓለም ሙቀት ከአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ጨምሯል። ሀገሮች እ.ኤ.አ በ2015 በፓሪስ ስምምነት ጭማሪው ከሁለት ዲግሪ በእጅጉ ዝቅ እንዲል፣ የሚቻል ከሆነም ከአንድ ነጥብ አምስት እንዳይበልጥ ለመጣር ተስማምተዋል።

የዚህ ለውጥ ዋጋ እኩል አልተከፋፈለም። እ.ኤ.አ ከ2020 ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናም ወቅቶች በቦረና፣ በሶማሌ ክልልና በጎረቤት ሀገሮች ዝናሙ በመቅረቱ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን አጥተው ተፈናቅለዋል። ድርቅ በምድራችን አዲስ ባይሆንም፣ ያንን ድርቅ ያጠኑ ተመራማሪዎች የአየር ንብረት ለውጡ እንዳባባሰው ደምድመዋል። አንድ አሜሪካዊ በአማካይ በዓመት 14 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ሲለቅ፣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ ግማሽ ቶን እንኳ አይሞላም። ከብቱ ያለቀበት የቦረና አርብቶ አደር ጕድጓዱን አልቆፈረም፤ የወደቀበት ግን እርሱ ነው።

እ.ኤ.አ በ2017 የወጣ አንድ ታዋቂ ጥናት፣ እ.ኤ.አ ከ1988 ጀምሮ ከኢንዱስትሪ ከወጡት ሙቀት አማቂ ጋዞች 71 ከመቶ የሚሆኑት ከ100 የነዳጅና የድንጋይ ከሰል አምራቾች ጋር የተያያዙ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ “ጥፋተኞቹ መቶ ኩባንያዎች ብቻ ናቸው” ለማለት ይጠቀሳል። ነገር ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በመጀመሪያ፣ ከአምራቾቹ መካከል የግል ኩባንያዎች ብቻ ሳይሆኑ የመንግሥታት ድርጅቶችም ይገኛሉ። በሁለተኛ ደረጃ፣ ከተቈጠረው ጋዝ ዘጠኝ ዐሥረኛ ገደማ የሚሆነው የወጣው ነዳጁ ከምድር ሲቀዳ ሳይሆን ተሸጦ በመኪና፣ በአውሮፕላን፣ በኃይል ማመንጫ፣ በፋብሪካና በቤት ሲቃጠል ነው። ስለዚህ ያው አንድ ጢስ በአምራቹ መዝገብም በተጠቃሚውም መዝገብ ሊጻፍ ይችላል። ሻጩ ከገዢው፣ ገዢውም ከሻጩ ተለይቶ ሊጸድቅ አይችልም።

ይህ ማለት ግን ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት አይደለም። ከሰል የምታነድ እናት የምትመርጠው ነገር ጥቂት ነው፤ የኃይል ማመንጫ ከምን እንደሚሠራ የሚወስን ባለሥልጣን ወይም ባለሀብት ግን ብዙ ይመርጣል። ብዙ የተሰጠው ሰው ብዙ እንደሚፈለግበት ጌታችን አስተምሮናል (ሉቃ. ፲፪፥፵፰)። የኃላፊነት መለኪያው ጢሱ ከማን እጅ ወጣ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ለመለወጥ ሥልጣንና ዐቅም ያለው ማን ነው የሚለውም ነው።

ሕግ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?

“ሰው ሁሉ ልቡን ቢያነጻ ሕግ አያስፈልግም” የሚለው አባባል መልካም ይመስላል። ይሁን እንጂ አንዳንድ ጉዳቶች በአንድ ሰው በጎነት ሊወገዱ የማይችሉ ናቸው። ለብዙ ዓመታት ቤንዚን እርሳስ የተባለው ማዕድን ተቀላቅሎበት ይሸጥ ነበር፤ እርሳሱም በጢሱ አማካይነት የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳ ነበር። መኪና ያልነበረውም ድሀ ያንኑ አየር ይተነፍስ ነበርና ራሱን ማዳን አይችልም ነበር። ችግሩ የተፈታው እያንዳንዱ አሽከርካሪ በየግሉ ስለ ወሰነ ሳይሆን መንግሥታት አንድ በአንድ ስለ ከለከሉት ነው፤ እ.ኤ.አ በ2021 በመጨረሻዋ ሀገር በአልጄሪያ ሽያጩ ሲቆም እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን ከዓለም ገበያ ወጣ።

የለንደን ከተማ ታሪክ ደግሞ ሕግና የግለሰብ ድርሻ እንዴት እንደሚገናኙ ያሳያል። እ.ኤ.አ በታኅሣሥ ወር 1952 ለአምስት ቀናት ከተማዋን ጉምና የድንጋይ ከሰል ጢስ ሸፈናት። በወቅቱ 4,000 ሰዎች እንደ ሞቱ ተገመተ፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን ወደ 12,000 ከፍ አድርገውታል። ጢሱ የወጣው ከፋብሪካዎችና ከኃይል ማመንጫዎች ብቻ አልነበረም፤ በየቤቱ ከሚነድደው ምድጃም ጭምር ነበር። እ.ኤ.አ በ1956 የወጣው ሕግም ሁለቱንም ነካ። ፋብሪካዎች ጥቁር ጢስ እንዳይለቁ ተከለከሉ፤ በተመረጡ ሰፈሮች ጢስ የሚያወጣ ከሰል ማንደድ ቀረ፤ ምድጃቸውን ለሚቀይሩ ቤተሰቦችም ከወጪው አብዛኛው በእርዳታ ተሸፈነላቸው። ሕጉ ከግለሰቡ ለውጥን ጠየቀ፤ የሚለወጥበትንም መንገድ ሰጠው።

በሀገራችንም መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ሲወስን፣ የብዙ ሰዎችን ምርጫ በአንድ ውሳኔ ለውጧል። የውሳኔው አፈጻጸም ብዙ ሊያነጋግር ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ሺሕ ስብከት የማይለውጠውን አንድ ደንብ ሊለውጠው እንደሚችል ያሳያል።

ይህ ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት ከ51 አንቀጾቹ 22ቱን ለቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ሲያውል፣ የቀሩትን ስለ ንግድ፣ ስለ ውል፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ወንጀልና ስለመሳሰለው ይደነግጋል። አባቶቻችን የነፍስ ሕይወት ከገበያና ከአደባባይ ፍትሕ ተለይታ አትቆምም ብለው ስለሚያምኑ ሁለቱን በአንድ መጽሐፍ ጠብቀው አቆይተውልናል።

በምእመን ትከሻ ላይ የሚጫን የሌላ ሰው ሸክም

በሌላ በኩል የግለሰብን ኃላፊነት ያለልክ ማጉላት ራሱ ማሳቻ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ይገባናል። ዛሬ እያንዳንዱ ሰው የራሱን “የካርቦን አሻራ” እንዲቈጥር ይነገረዋል። ይህ አነጋገር በሕዝብ ዘንድ እንዲስፋፋ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ፣ ቢፒ የተባለው የብሪታንያ የነዳጅ ኩባንያ እ.ኤ.አ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያካሄደው የማስታወቂያ ዘመቻ ነው። አሻራን መቍጠር በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ነዳጁን የሚሸጠው አካል ገዢውን “አንተ ምን ያህል ታቃጥላለህ?” ብሎ ሲጠይቅ፣ የራሱ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል።

ጌታችን ከባድ ሸክም አስረው በሰው ትከሻ ላይ ስለሚጭኑ፣ ራሳቸው ግን በጣታቸው እንኳ ሊነኩት ስለማይወዱ ሰዎች ተናግሯል (ማቴ. ፳፫፥፬)። መምህራንም ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ስናስተምር ይህ እንዳይደርስብን መጠንቀቅ አለብን። ጉሊት የምትነግደውን እናት ስለ ፌስታሏ ወቅሰን፣ ፍሳሹን ወደ ወንዝ የሚለቀውን ባለሀብት ስለ ሰጠው መባ ብቻ የምናመሰግን ከሆነ ሚዛናችን ሐሰተኛ ሆኗል።

የነነዌ ንስሓ

ታዲያ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ቀረ ማለት ነውን? አይደለም። በየዓመቱ ለሦስት ቀናት የምንጾመው ጾመ ነነዌ መልሱን ይዞልናል። ነቢዩ ዮናስ ወደ ከተማዋ ገብቶ በሰበከ ጊዜ የነነዌ ሰዎች አመኑ፤ ከታላቁ ጀምሮ እስከ ታናሹ ድረስ ጾምን ዐወጁ፤ ማቅም ለበሱ። ከዚያ በኋላ ወሬው ለንጉሡ ደረሰው። እርሱም ከዙፋኑ ወረደ፤ ልብሰ መንግሥቱን አውልቆ በዐመድ ላይ ተቀመጠ፤ ሰውም እንስሳም እንዲጾሙ፣ ሁሉም ከክፉ መንገዱና በእጁ ካለው ግፍ እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገረ (ዮና. ፫፥፭-፰)።

ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። ሕዝቡ የንጉሡን ዐዋጅ አልጠበቁም፤ ንጉሡም “ሕዝቡ ከጾሙ ይበቃል” አላለም። የሕዝቡ ጾም የንጉሡን ልብ ነካ፤ የንጉሡ ዐዋጅ ደግሞ የሕዝቡን ጾም የመላ ከተማው ሥርዐት አደረገው። ዐዋጁም ምግብን በመከልከል ብቻ አላበቃም፤ በእጅ ያለውን ግፍ እንዲተዉ አዘዘ። የግል ንስሓና የአደባባይ ሕግ የተገናኙባት ከተማ ዳነች።

መጥምቁ ዮሐንስም “ምን እናድርግ?” ብለው ለጠየቁት ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ አልሰጠም። ሕዝቡን ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል፣ ቀራጮችን ከታዘዘላቸው አብልጠው እንዳይወስዱ፣ ጭፍሮችን በማንም ላይ ግፍ እንዳይሠሩ አስተማራቸው (ሉቃ. ፫፥፲-፲፬)። እያንዳንዱ በቆመበት የሥራ ቦታ ንስሓ ይግባ ማለት ነው። በዚህ መሠረት ዛሬ ምእመኑ በቤቱ፣ ባለ ፋብሪካው በፋብሪካው፣ ተቈጣጣሪው በቢሮው፣ ሕግ አውጪው በምክር ቤቱ ይጠየቃል። ብዙዎቻችን ደግሞ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ቆመናል። ቤታችንን በንጽሕና እየያዝን፣ በመሥሪያ ቤታችን የፍሳሽ ማጣሪያው መሥራቱን ሳናይ በሰነድ ላይ የምንፈርም ከሆነ፣ ንስሓችን ከቤት ደጃፍ አላለፈም።

ዘኬዎስም በአደባባይ ሥራው የበደለውን በጸሎት ብቻ ሊሸፍን አልሞከረም። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ሰጠ፤ የቀማውንም አራት እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ቃል ገባ (ሉቃ. ፲፱፥፰)። ከብክለት ያተረፈ ሰው ንስሓ የሚገባው ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ በመስጠት ሳይሆን፣ አስቀድሞ ብክለቱን በማቆምና የተጎዱትን በመካስ ነው።

እንጀራቸው ከፋብሪካው የሆነላቸው ወገኖች

በዚህ ስፍራ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ፋብሪካው ቢዘጋ ሠራተኞቹ ምን ይበሉ? በቆዳ ፋብሪካ ተቀጥሮ ልጆቹን የሚያሳድግ አባት፣ በወንዙ ዳር ጎመን አልምቶ የሚሸጥ ገበሬ፣ ከሰል አክስሎ የሚተዳደር ወጣት ሁሉም ምእመናን ናቸው። አንዱን ድሀ ለማዳን ሌላውን ድሀ መጣል ፍትሕ አይባልም።

ይሁን እንጂ የሠራተኛው እንጀራ ለባለሀብቱ ቸልተኝነት ጋሻ መሆን የለበትም። በፍሳሹ መጀመሪያ የሚጎዳው ከኬሚካሉ ጋር የሚውለው ያው ሠራተኛ ነውና። ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ክሮሚየም ከፍሳሹ ተለይቶ ሊወጣና እንደገና በሥራ ላይ ሊውል ይችላል፤ ተቀራርበው የሚገኙ ፋብሪካዎችም በአንድነት የሚገለገሉበት ማጣሪያ ሊሠሩ ይችላሉ። ይህ ወጪ አለው። ወጪው ግን አሁንም እየተከፈለ ነው፤ የሚከፍሉት በወንዙ ዳር የሚኖሩ ሰዎች በጤናቸው ናቸው። የሕግ ሥራ ወጪውን ከማይገባው ትከሻ አንሥቶ ወደሚገባው ትከሻ መመለስ ነው። የለንደኑ ሕግ እንዳደረገው፣ ዐቅም ለሌለው እርዳታ፣ ዐቅም እያለው ለሚያጠፋው ደግሞ ተጠያቂነት ያስፈልጋል።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ምእመናን በእጃቸው ያለውን መብት አያውቁም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የመጠበቅ ግዴታ የመንግሥትም የዜጎችም መሆኑን ይገልጻል። ሕገ መንግሥቱ ራሱ ግዴታውን ከሁለት አንዱ ላይ ብቻ አልጣለም።

በ1995 ዓ.ም የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለትን ይከለክላል፤ የበከለ አካል እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ሊገደድ እንደሚችልም ይደነግጋል። ከሁሉ ይልቅ ልናውቀው የሚገባው፣ ማንኛውም ሰው በግሉ ጉዳት የደረሰበት መሆኑን ማስረዳት ሳይጠበቅበት ስለ ብክለት አቤቱታ ለባለሥልጣኑ ማቅረብ እንደሚችል ነው። ባለሥልጣኑ በ30 ቀናት ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ቅር ካሰኘው፣ አቤት ባዩ በ60 ቀናት ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። ይህ መንገድ ቀላል አይደለም። ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች ብክለት አንድ የሲቪል ማኅበር ለፍርድ ቤት አቅርቦት የነበረው ክስ ሳይሳካ ቀርቷል። ነገር ግን በወንጌል የተጠቀሰችው መበለት እግዚአብሔርን በማይፈራ ዳኛ ፊት ሳትታክት በመመላለሷ ፍርድ አግኝታለች (ሉቃ. ፲፰፥፩-፰)። ጸሎትን ለማስተማር የተነገረው ይህ ምሳሌ የተመሠረተው ፍትሕን በአደባባይ በጠየቀች ሴት ላይ መሆኑን አንርሳ።

ከደጀ ሰላሙ እንጀምር

ሌላውን ስንጠይቅ እኛም እንጠየቃለን። ስለዚህ ነገሩን ከቤተ ክርስቲያናችን ደጅ መጀመር ተገቢ ነው።

የአባቶቻችን ምስክርነት ጠንካራ ነው። የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ሲራቆት ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ተጠብቀው ቆይተዋል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን በደቡብ ጎንደር ባጠኗቸው ደኖች፣ የአጥቢያዎቹ ካህናትና ምእመናን ከብት እንዳይገባ በዙሪያቸው የድንጋይ አጥር አጥረዋል። እነዚህ ደኖች የቆዩት እያንዳንዱ ሰው በየግሉ ደግ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም። ከዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ዛፍ አይቈረጥም የሚል፣ ሁሉም የሚያውቀውና የሚያከብረው ሥርዐት ስለ ነበረ ነው። ሥርዐቱ ደግሞ የጸናው በሰዎች ልብ ፈሪሃ እግዚአብሔር ስለ ነበረ ነው። ሕግና ኅሊና አብረው ሲቆሙ ምን እንደሚያፈሩ ለማየት ከደብራችን ቅጥር ማለፍ አያስፈልገንም።

ዛሬስ? በየክብረ በዓሉ ማግሥት የበዓሉን ስፍራ የሚሸፍነው የፕላስቲክ ጠርሙስና ፌስታል የማን ነው? ለሕንፃና ለሱቅ ግንባታ ሲባል የሚቈረጠውስ ነባር ዛፍ? የሰበካ ጉባኤያት የመጸዳጃ ቤቶቻቸው ፍሳሽ ወዴት እንደሚሄድ፣ ካከራዩዋቸው ቤቶችና ጋራዦች ምን እንደሚወጣ ሊጠይቁ ይገባል። ሰንበት ት/ቤቶች በጥምቀትና በመስቀል በዓላት ስፍራውን ማጽዳትን የአገልግሎት አካል ቢያደርጉት፣ ወጣቶች በአጥቢያቸው ስላለው ወንዝ መረጃ ሰብስበው ለሚመለከተው አካል በጽሑፍ ቢያቀርቡ፣ በምእመናን መካከል ያሉ የኬሚስትሪ፣ የምሕንድስናና የሕግ ባለሙያዎች በሙያቸው ቢያግዙ ሥራው ከስብከት ወደ ፍሬ ይሻገራል።

በቤትም ቢሆን ዐቅም ያለው ሰው ከከሰል ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድና ማብሰያ ቢሸጋገር ጭሱ ከቤተሰቡ ሳንባ፣ መጥረቢያውም ከደኑ ይርቃል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው ሀገሮች የሚኖሩ ምእመናን ደግሞ የአንድ ሰው ድርሻ ከፍተኛ በሆነባቸው ሀገሮች ስለሚኖሩ፣ የአኗኗር ልካቸውን ማየት ይጠበቅባቸዋል፤ የመምረጥ መብት ባላቸው ሀገሮችም ድምፃቸው በሕግ አወጣጥ ላይ ክብደት አለው። ጾማችንም ይህን ያግዛል። የምንጾመው ለሥርየተ ኀጢአትና ለጽድቅ እንጂ ለአየር ንብረት አይደለም። ነገር ግን “ይበቃኛል” ማለትን ያልተማረ ሰው ፍጥረትን ሊጠብቅ አይችልም፤ ይህን ቃል ደግሞ የምንማረው በጾም ነው።

እነዚህ ሁሉ ጥቃቅን ናቸው። ብቻቸውን አቃቂን አያጠሩም፤ የዓለምንም ሙቀት አይመልሱም። ጥቅማቸው ግን ከመጠናቸው ይበልጣል። ንጹሕ እጅ ያለው ምእመን በባለሥልጣኑና በባለሀብቱ ፊት ሳያፍር ይናገራል፤ የሚናገር ሕዝብ ያለው ሀገርም ሕጉን በመደርደሪያ ላይ አያስተኛውም።

ቤተ ክርስቲያናችን በጸሎተ ቅዳሴ ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውኃና ስለ ምድር ፍሬ ትለምናለች። ወንዙን እግዚአብሔር እንዲባርክልን እየለመንን፣ በዚያው ወንዝ መርዝ ሲፈስስ ዝም ማለት ጸሎታችንንና ሥራችንን ያጣላል። እግዚአብሔር ለነነዌ የራራላት ቀኛቸውንና ግራቸውን ስለማይለዩ ከመቶ ሃያ ሺሕ ስለሚበልጡ ሰዎችና ስለ ብዙ እንስሳትም መሆኑን ለዮናስ ነግሮታል (ዮና. ፬፥፲፩)። በወንዙ ዳር የሚጫወቱ ሕፃናትም ውኃውን ማን እንዳደፈረሰው አይለዩም። ስለ እነርሱ የሚጠየቁት በዙፋን ያሉትና በዐመድ ላይ የተቀመጡት በአንድነት ናቸው። ሕዝቡ እንደ ነነዌ ሰዎች፣ ባለሥልጣናቱና ባለሀብቶቹም እንደ ነነዌ ንጉሥ ከክፉ መንገድ ተመልሰን ፍጥረቱን ለመጠበቅ እንድንበቃ አምላከ ቅዱሳን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር